ክትባት በሰውነት መዝገብ ላይ የሚጻፍ ትምህርት ነው



አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ሕፃንዋን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። ተራዋ ደርሶ ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ ባየች ጊዜ፥ «ሲስተር፥ ልጄ እኮ ደኅና ነው። አላተኮሰውም፥ አላሳለውም፥ ጡቱንም በደንብ ይጠባል። ደኅናውን ልጅ ስለ ምን ይወጉብኛል?» ብላ ጠየቀች። ነርሷም ከበስተኋላ የቆሙት እናቶች ብዙ ስለ ነበሩ፥ «ይጠቅመዋል፥ እናቴ» ብላ በአጭሩ መለሰችላት። መልሱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በቂ አልነበረም። የሁለተኛው ክትባት ቀን በደረሰ ጊዜ ያች እናት አልተመለሰችም።

እኛ በእናቲቱ አንፈርድም። ጥያቄዋ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው የቤቱን ሥራ ትቶ፥ ረጅም መንገድ ተጉዞ፥ ደኅና ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ለመርፌ ያቀርባል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከልና ክትባትም በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፥ ተማሪዎችም ለወላጆቻቸው ቢያደርሱት ድካማችን ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።

፩፤ ስለ ቅጥሩና ስለ በሮቹ

ሰውነታችን በመልካም አጥር የተከበበ ግቢ ይመስላል። አጥሩ ቆዳችን ነው። ያልቆሰለና ያልተሰነጠቀ ቆዳ አብዛኞቹን ረቂቅ ተሕዋስያን ከውጭ ያስቀራቸዋል። ግቢ ግን ያለ በር አይሆንምና፥ ዓይን፥ አፍንጫና አፍ የዚህ ግቢ በሮች ናቸው። ለእያንዳንዱም በር ዘበኛ ተመድቦለታል። እንባ ዓይንን ከማጠቡም በላይ ተሕዋስያንን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለበት። የአፍንጫ ንፍጥ አቧራንና ጀርምን አጣብቆ ይይዛል፤ ማስነጠስና ማሳልም የተያዘውን ወደ ውጭ ይጥሉታል። ከምግብ ጋር የገባውን ደግሞ የጨጓራ አሲድ ይቀበለዋል።

ሳሙናና ውሃ የዚህ አጥር ጠባቂዎች ናቸው። እጁን በሳሙና የሚታጠብ ሰው የጠላትን ቁጥር ገና ከበሩ ላይ ያሳንሳል። ሆኖም ምንም ያህል ብንጠነቀቅ አጥሩ የሚጣስበት ጊዜ አይጠፋም።

፪፤ ስለ ፊተኛው ዘብ

ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ እሾህ ወጋው እንበል። በማግሥቱ የተወጋው ቦታ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይሞቃል፥ ያመዋል። ብዙ ሰዎች ይህን ሁሉ የበሽታው ሥራ ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን ይህ የሰውነት የመከላከል ሥራ ነው። የደም ሥሮች ወደ ቁስሉ ብዙ ደም ያወርዳሉ፤ ከደሙም ጋር ነጫጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። እነዚህ ሴሎች የሚወለዱት በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የገባውን ጀርም ከበው ይውጡታል፤ በሆዳቸውም ያሟሙታል። ከቁስል የሚወጣው መግል በአብዛኛው በዚህ ውጊያ የሞቱት ነጫጭ ሴሎች ሬሳ ነው።

እግር በቆሰለ ጊዜ በብሽሽት ንፍፊት መውጣቱን የማያውቅ የለም። ንፍፊት የሚሆኑት ጥቃቅን እጢዎች በብሽሽት፥ በብብትና በአንገት ዘወትር የሚገኙ ናቸው። ከቆሰለው ቦታ የተጣራው ፈሳሽ በእነርሱ በኩል ያልፋልና፥ በውስጣቸው የተሰበሰቡት ነጫጭ ሴሎች የጠላትን ምልክት የሚመረምሩት በዚያ ነው። ሥራ ሲበዛባቸው ያብጣሉ። ትኩሳትም እንዲሁ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው፤ ብዙ ጀርሞች በሞቀ ሰውነት ውስጥ እንደ ልባቸው አይራቡም። እርግጥ ትኩሳት እጅግ ሲበረታ፥ ይልቁንም በሕፃናት ላይ፥ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ይህ ፊተኛው ዘብ ፈጣንና ብርቱ ነው፤ ግን ጠላትን ከጠላት ለይቶ አያውቅም። የትናንቱን ሌባ ዛሬ ቢያገኘው እንደ አዲስ ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ ከዚህ ዘብ በስተኋላ ሌላ፥ የሚማርና የማይረሳ ሠራዊት ያስፈልጋል።

፫፤ ስለሚማረው ሠራዊት

የዚህ ሠራዊት አባሎች ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጫጭ የደም ሴሎች ሲሆኑ፥ በሁለት ታላላቅ ነገዶች ይከፈላሉ። አንደኛው ቢ ሴል ይባላል። ሁለተኛው ከመቅኔ ከወጣ በኋላ ከደረት አጥንት በስተጀርባ ባለው ታይመስ በተባለው እጢ ውስጥ ሰልጥኖ የሚወጣው ቲ ሴል ነው።

እያንዳንዱ ሴል የሚያውቀው አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ነው። በሰውነታችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ሊምፎሳይቶች እጅግ ብዙ በመሆናቸው፥ ለማናቸውም እንግዳ ምልክት የሚገጥም ቁልፍ የያዘ ጥቂት ሴል አይታጣም። ጠላት በገባ ጊዜ ያ ሴል ተፈልጎ ይገኛል፤ ከተገኘም በኋላ ይራባል፤ አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት እየሆነ ብዙ ሺህ ይሆናል። ቢ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቃሉ። እነዚህም በጀርሙ ላይ ተለጥፈው ወደ ሴል እንዳይገባ ያግዱታል፥ ለዋጮቹም ሴሎች ያመለክቱታል። ቲ ሴሎች ግማሾቹ ሌላውን ሠራዊት ያዛሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ጀርም ገብቶ የተደበቀባቸውን የራሳችንን ሴሎች እየለዩ ያጠፋሉ።

ችግሩ ይህ ሥራ ጊዜ የሚወስድ መሆኑ ነው። ለማያውቁት ጠላት ሠራዊቱ ተራብቶ እስኪደርስ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያልፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሽታው አስቀድሞ ያሸነፈ እንደ ሆነ ሰው ይሞታል፤ ወይም ዓይኑን፥ እግሩን፥ ጆሮውን አጥቶ ይተርፋል። የተረፈ ግን አንድ ትልቅ ሀብት ያገኛል። ከውጊያው በኋላ አብዛኞቹ ሴሎች ሲሞቱ፥ ጥቂቶቹ የጠላትን መልክ እንደ ያዙ ለብዙ ዓመታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዕድሜ ልክ ይኖራሉ። እኛ እነዚህን የሰውነት መዝገብ እንላቸዋለን። ያው ጠላት ሁለተኛ ቢመጣ መዝገቡ ይገለጣል፤ ሠራዊቱም በሽታው ሳይታወቅ ገና በጥቂት ቀን ውስጥ ይነሣል።

የዚህ መዝገብ ዕድሜ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በሰሜን አትላንቲክ ባሕር ውስጥ በሚገኙት በፋሮ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1781 ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ 65 ዓመት ሙሉ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1846 አንድ መንገደኛ በሽታውን ይዞ በገባ ጊዜ፥ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች 6,000 ያህሉ ታመሙ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተላከው ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ግን አንድ አስደናቂ ነገር አስተዋለ። በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ ወጥቶላቸው የነበሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ በሕሙማን መካከል እየኖሩ፥ አንዳቸውም አልታመሙም። ሰዎቹ የልጅነታቸውን በሽታ ረስተውት ይሆናል፤ ሰውነታቸው ግን 65 ዓመት ሙሉ አልረሳም።

፬፤ ክትባት የሚለው ቃልና ታሪኩ

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በበሽታ ሳንሠቃይ ያንን መዝገብ ማግኘት ይቻላልን?

መልሱ በቋንቋችን ውስጥ አለ። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ሰዎች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ክታብም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ክትባት ማለት እንግዲህ እንደ ቃሉ ጽሕፈት ነው። ልዩነቱ ክታብ በብራና ላይ የሚጻፍ ሲሆን፥ ክትባት ግን በሰውነት መዝገብ ላይ የሚጻፍ መሆኑ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በከፊል ደርሰውበት ነበር። ፈንጣጣ በገባበት አገር፥ ከቀላል ሕመምተኛ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥቂቱ በጥተው ያስገቡበት ነበር። አንድ ጊዜ የታመመ ሁለተኛ አይታመምም የሚለውን እውነት አስተውለዋል፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። ጉድለቱ ግን ከባድ ነበር። ያስገቡት ጠላት ሕያውና ያልደከመ በመሆኑ፥ አንዳንዱ የተከተበ ሰው በእውነተኛው ፈንጣጣ ይሞት፥ ከእርሱም በሽታው ወደ ጎረቤት ይዛመት ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ከዚህ የሚሻል መንገድ አገኘ። በአገሩ ላም የሚያልቡ ሴቶች ከላም ጡት ቀላል ፈንጣጣ ሲይዛቸው፥ የሰው ፈንጣጣ እንደማይነካቸው የሚናገሩትን ሰማ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1796 ከአንዲት አላቢ እጅ ቁስል ወስዶ የስምንት ዓመት ልጅ ከተበ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሰው ፈንጣጣ ቢያስገባበት ልጁ አልታመመም። እንዲህ ያለ በሕፃን ላይ የሚደረግ ሙከራ ዛሬ በሕግ አይፈቀድም፤ የተገኘው እውቀት ግን የዓለምን መልክ ለወጠ። ፈረንጆች ክትባትን ቫክሲን ማለታቸውም በላቲን ቋንቋ ቫካ ላም ማለት ስለ ሆነ ነው።

የዚህ ታሪክ መደምደሚያ አገራችንንም በቅርብ ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት ጥረቱን ሲያጠናክር፥ በኢትዮጵያ ዘመቻው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በአገራችን ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ ከታቾች በእግር፥ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ተጓዙ። ሕመምተኛ በተገኘበት ሁሉ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ፈልጎ መከተብ ዋነኛው ዘዴ ሆነ። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በደቡብ ምሥራቅ በረሃማ አገር በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በዓለም ደግሞ በተፈጥሮ የተላለፈው የመጨረሻው ፈንጣጣ በጥቅምት ወር 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ በመርካ ከተማ ታየ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. በዓለም ጤና ጉባኤ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው በፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የለውም። አያቶቻችን የሚፈሩትን ስም የልጅ ልጆቻቸው ትርጉሙን የሚጠይቁበት ዘመን መጣ።

፭፤ ስለ ክትባት ዓይነቶች

ክትባት ሁሉ አንድ ሥራ አለው፤ ይኸውም የጠላትን መልክ ለሠራዊቱ ማሳየት ነው። የማሳያው መንገድ ግን ይለያያል።

አንዳንዱ ክትባት ሕያው ሆኖ እንዲደክም የተደረገ ጀርም ነው፤ የኩፍኝ፥ የሳንባ ነቀርሳና በአፍ የሚሰጠው የልጅነት ልምሻ ክትባት ከዚህ ወገን ናቸው። አንዳንዱ የተገደለ ጀርም ነው፤ በመርፌ የሚሰጠው የልጅነት ልምሻ ክትባት እንዲህ ያለ ነው። አንዳንዱ ከጀርሙ የተወሰደ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ የጉበት በሽታ ቢ ክትባት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ኃይሉ የተሰበረ መርዝ ነው።

ስለዚህ ስለ መጨረሻው ጥቂት እንጨምር። መንጋጋ ቆልፍ ሰውን የሚገድለው ጀርሙ በሚረጨው መርዝ ነው። መርዙ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ለመግደል የሚበቃው መጠን ሠራዊቱን ለማስተማር አይበቃም። በዚህም ምክንያት መንጋጋ ቆልፍ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ እንደገና ሊታመም ይችላል። ከዚህ በሽታ የሚጠብቅ ትምህርት የሚገኘው ከክትባት ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ስትከተብም ፀረ እንግዳ አካሎቿ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፉ፥ አንድ መርፌ ሁለት ሰው ይጠብቃል።

እናት ለልጅዋ የምታወርሰው ይህ ብቻ አይደለም። ከወለደች በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ መልክ ያለው እንገር በፀረ እንግዳ አካላት የበለጸገ ነው። ይህን እንገር ቆሻሻ ነው ብሎ አልቦ መድፋትና በምትኩ ለአራሱ ሕፃን ቅቤ ማስላስ የሕፃኑን የመጀመሪያ ጋሻ መጣል ስለ ሆነ፥ ልማዱ ባለበት ስፍራ ሁሉ በትሕትና ማስረዳት ይገባል።

፮፤ መዝገብ አጥፊው ኩፍኝ

ብዙ ሰዎች ኩፍኝ የልጅ ሁሉ ዕጣ እንደ ሆነና ወጥቶ እንደሚያልፍ ያስባሉ። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ከመገኘቱ በፊት ኩፍኝ በዓለም በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይገድል እንደ ነበረ ይገመታል። ከሞት የተረፉትንም በሳንባ ምች፥ በተቅማጥ፥ በጆሮ መግልና በዓይን መታወር ይጎዳቸዋል።

በቅርብ ዘመን የታወቀው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያሳስባል። የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው እነዚያኑ መዝገብ የያዙትን ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፥ በኔዘርላንድ አገር ካልተከተቡ ልጆች ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ የተወሰደ ደም በተመረመረ ጊዜ፥ በሽታው አስቀድሞ ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንዳጠፋ ታወቀ። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ሰውነት ስለ ሌሎች በሽታዎች የተማራቸው ነበሩ። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ከዚያ በኋላ ለወራትና ለዓመታት በሌላ በሽታ በቀላሉ የሚጠቃው በዚህ ምክንያት ነው። ወላጆች «ኩፍኙስ ለቆት ነበር፤ የገደለው ሌላ ነው» ሲሉ፥ ብዙ ጊዜ ለሌላው በሽታ በሩን የከፈተው ያው ኩፍኝ ነው።

ነገሩን ለመምህር በሚስማማ ምሳሌ ብናስረዳ፥ በእሳት የተቃጠለ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ይመስላል። ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን የተማሩትና ያለፉበት ክፍል ሁሉ ጠፍቷልና ትምህርታቸውን እንደገና መጀመር አለባቸው። የኩፍኝ ክትባት ግን የራሱን ትምህርት ይጽፋል እንጂ የሌላውን አይፍቅም።

፯፤ ስለ ምን ሁለት ጊዜ ይከተባል?

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ ተመልሰን፥ ለምን ሁለተኛ ጊዜ መምጣት እንደ ነበረባት በሒሳብ እንመልከተው። መምህራን በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ።

በአገራችን የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ከ9 ወር በፊት በተለመደ ጊዜ የማይሰጠው፥ ከእናቱ የወረሳቸው ፀረ እንግዳ አካላት ገና በደሙ ስላሉ የደከመውን የክትባት ቫይረስ ሳያስተምር ስለሚያጠፉት ነው። እስከ 15 ወር ዝም ብሎ መጠበቅ ደግሞ ሕፃኑን ያለ ጋሻ ለበሽታው መተው ይሆናል። ስለዚህ በ9 ወር ይጀመራል። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ከተከተቡ 100 ሕፃናት ትምህርቱን የሚይዙት 85 ያህሉ ናቸው። በአንዳንዶቹ የእናት ውርስ ገና አላለቀም፤ በአንዳንዶቹ ሠራዊቱ ገና ልጅ ነው። የቀሩት 15 ሕፃናት ተከተቡ እንጂ አልተማሩም። የትኞቹ እንደ ሆኑ ደግሞ በመልካቸው አይታወቅም። 100ዎቹ ሁሉ በ15 ወራቸው ሲመለሱ፥ ከ15ቱ 14 ያህሉ ይማራሉ። ሁለተኛው ክትባት እንግዲህ ለቀሩት የሚሰጥ ዳግመኛ ትምህርት ነው።

«አንድ ልጅ ቢቀር ምን ይሆናል?» የሚል ቢኖር፥ ሁለተኛውን ስሌት ይመልከት። ኩፍኝ ከሚታወቁት በሽታዎች ሁሉ ይልቅ በፍጥነት የሚተላለፍ ነው። ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ማንም ያልተከተበበት አገር ቢሆን አንድ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑ ሰዎች ያስተላልፋል። ቁጥሩን 15 እናድርገው። ከእነዚህ 15 ሰዎች 14ቱ የተጠበቁ ቢሆኑ በሽታው ለአንድ ሰው ብቻ ይተላለፋል፤ ያም አንዱ ለሌላ አንድ እያስተላለፈ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ሰንሰለቱ እንዲበጠስ ከ15ቱ ከ14 የሚበልጥ ድርሻ መጠበቅ አለበት። 14ን ለ15 ብናካፍል 93 በመቶ ይሆናል። ሐኪሞች ከመቶ 95 ይጠበቅ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከ100 ሕፃናት 80ዎቹ ብቻ፥ እነርሱም አንድ ጊዜ ብቻ ቢከተቡ፥ የተጠበቁት 68 ናቸው። 32 ሕፃናት እሳት እንደሚጠብቅ ደረቅ ሣር ሆነው ይቀራሉ። ከእነርሱም መካከል ገና ዘጠኝ ወር ያልሞላው የጎረቤት አራስ፥ በከባድ ሕመም ምክንያት ሕያው ክትባት ሊከተብ የማይችል ልጅም አለ። እነዚህ ሕፃናት ጋሻ የላቸውም፤ ጋሻቸው የእኛ ልጆች መከተብ ነው። ስለዚህ የልጅን ክትባት ማስፈጸም የቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ዕዳ ነው።

፰፤ ክትባት ከተሰጠ በኋላ

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይጠበቃል። የኩፍኝ ክትባት በሙቀት ይበላሻል፤ ከውሃው ጋር ከተቀላቀለ በኋላም ቢበዛ ከስድስት ሰዓት አያልፍም፥ የተረፈው ይደፋል። የአንዳንዱ ክትባት ጠላት ደግሞ በረዶ ሆኖ መርጋት ነው። ጤና ጣቢያዎች የክትባት ቀን ቈርጠው እናቶች በቀጠሮው እንዲመጡ መጠየቃቸው ለዚህ ነው።

ከክትባት በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የተወጋው ቦታ ሊያም፥ ልጁም ሊያተኩሰው ይችላል። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ግን ትኩሳቱ ከሳምንት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ቀላል ሽፍታም ሊታይ ይችላል። ይህ ሠራዊቱ ትምህርቱን እየተቀበለ የመሆኑ ምልክት ነው። በክንድ ላይ የተሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ሆኖ ጠባሳ ትቶ ይድናል፤ ቅጠልም ሆነ ቅቤ አያስፈልገውም። ብርቱ የሰውነት ቁጣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው፤ ሲሆንም ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ፥ ከተከተቡ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መሄድ መልካም ነው። ልጅ ትንፋሽ ካጠረው፥ ካንቀጠቀጠው ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማምጣት ነው። ቀላል ጉንፋን ወይም ቀላል ተቅማጥ ግን ከክትባት አያስቀርም።

፱፤ ከመምህራን የሚጠበቅ

መምህር በሰፈሩ የሚሰማ ሰው ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንለምናለን።

አንደኛ፥ አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ የክትባት ካርዱ እንዲታይና ያልተፈጸመ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላክ።

ሁለተኛ፥ ትኩሳት፥ ሳል፥ የዓይን መቅላትና ከፊት ጀምሮ የሚወርድ ሽፍታ ያለበት ተማሪ ሲገኝ፥ ወደ ቤቱ ተልኮ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ እንዲነገር። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ቢያንስ አራት ቀን ሳይሞላ ወደ ክፍል አይመለስ። ወላጆቹም ደብቀው እንዳያስቀምጡት፥ ምግብና መጠጥም እንዳይከለክሉት ይነገራቸው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይኑንና ሕይወቱን ይረዳል።

ሦስተኛ፥ ስለ ክትባት ወሬ ሲነሣ፥ ጠያቂውን አላዋቂ ብሎ ከማሳፈር ምክንያቱን ማስረዳት። የተሰደበ ሰው ጥያቄውን ይደብቃል እንጂ አይተወውም።

በመጨረሻም ያች እናት ዛሬ በመካከላችን ቆማ፥ «ደኅናውን ልጅ ስለ ምን ትወጉብኛላችሁ?» ብትለን፥ እንዲህ ብለን እንመልስላታለን፤ «እናታችን፥ የምንከትበው ደኅና ስለ ሆነ ነው። ትምህርት የሚሰጠው ከፈተናው በፊት ነው። ልጅዎ ከዚህ በሽታ ጋር አንድ ቀን መገናኘቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ የጠላቱን መልክ በመዝገቡ ጽፎ እንዲቆየው ነው። ዛሬ ግማሹን ጻፍን፤ በአሥራ አምስት ወሩ ይዘውት ሲመጡ የቀረውን እንጨርሳለን።»

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ሰው እግሩ ሲቆስል በብሽሽቱ ንፍፊት የሚወጣው ለምንድን ነው?
2. በ1846 የፋሮ ደሴቶች ሽማግሌዎች ኩፍኝ ያልያዛቸው በምን ምክንያት ነው?
3. የአባቶቻችን የፈንጣጣ መከተቢያ ዘዴ እውነቱ ምን ነበር? ጉድለቱስ?
4. በአንድ ሰፈር 200 ሕፃናት ቢኖሩና ሁሉም በ9 ወራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ቢከተቡ፥ ስንቱ ያህል ሳይጠበቁ ይቀራሉ?
5. በቤታችሁ ያሉት ታናናሾቻችሁ ክትባታቸውን ፈጽመዋልን? ካርዳቸውን ከወላጆቻችሁ ጋር ተመልከቱ።